እንቢ ያልኳት አረንጓዴ መኪና

ያቺን መኪና ያጣኋት በገንዘብ እጦት አይደለም፤ በጨዋነት ነው። ሰው በቁማር፣ በመጠጥ፣ በክፉ ጋብቻ እጁ የገባውን ሲያጣ አይቻለሁ። እኔን ጉድ የሠራኝ ግን ጥሩ አስተዳደግ ነው። ይህን በተናገርኩ ቁጥር ሲያትል አጠገብ ሊንውድ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ትስቃለች። ሳቋ ያናድደኛል፣ ከጥፋቱ ግማሹ የእሷ ነውና።

መኪናዋን ያየኋት በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሦስት ላይ፣ ማውንት ቤከር በሚባለው የሲያትል ሰፈር ከአንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ቤት ምድር ቤቱን በተከራየሁ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ሽማግሌው ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ አውሮፕላን ፋብሪካ ውስጥ ብረት ሲቆርጡ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው ነበሩ። ከአምስት ቃል በላይ መናገር አይወዱም። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ እኔ ግን በልቤ ሁልጊዜ አንቱ ነበር የምላቸው፤ እዚህም ላይ እንደዚያው እጽፋቸዋለሁ።

የልብስ ማጠቢያው ማሽን ጋራዥ ውስጥ ነበር። ልብሴ እስኪያልቅ ቆሜ ስጠብቅ፣ ጥግ ላይ ግራጫ ሸራ የለበሰ ዝቅ ያለ ነገር አየሁ። የሰው ዕቃ መነካካት ነውር መሆኑ አልጠፋኝም፤ ቢሆንም ሸራውን በሁለት ጣቴ ገለጥ አደረግኩት። ጥቁር ለመባል ጥቂት የቀረው አረንጓዴ ቀለም፣ ረጅም ኮፈን፣ አቧራ ያልነካው ፓራውልት። ሙስታንግ ናት፤ ያቺ ፈጣኗ የአሜሪካ መኪና። ሸራውን ሳልመልሰው ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ይቆጡኛል ስል «ስልሳ ዘጠኝ» አሉኝ። የተሠራችበትን ዓመት መናገራቸው ነው።

እኔ ደግሞ ቁጥሩን በእኛ አቆጣጠር ሰማሁትና፣ የተወለድኩበት ዓመት ስለሆነ፣ እኩያዬ ናት ብዬ ደስ አለኝ። በኋላ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ሰባት ስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። ለሽማግሌው ስነግራቸው መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ሲገባቸው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው።

እዚህ ላይ ስለ ግራ እግሬ መናገር አለብኝ። ያኔ ሥራዬ ኤርፖርት አጠገብ ካለ ፓርኪንግ ተሳፋሪ እየጫኑ ወደ ተርሚናል ማመላለስ ነበር። ቫኑ አውቶማቲክ ነው። ቀኑን ሙሉ ስነዳ ግራ እግሬ ሥራ ፈት ሆኖ ይውላል። እኔ ግን መንዳት የተማርኩት ከአባቴ ነው። አባቴ የመሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር፤ እሑድ እሑድ ባዶ ሜዳ ወስዶ መሪውን ይሰጠኝና እሱ ዓይኑን ጨፍኖ አጠገቤ ይቀመጣል። በጆሮሽ ንጂ፣ ማርሽ የምትቀይሪበትን ጊዜ ሞተሩ ራሱ ይነግርሻል ይለኝ ነበር። በጆሮዬ መንዳት የተማርኩ ሰው፣ ጆሮ የማያስፈልገው ቫን ላይ ደመወዜን እበላ ነበር።

ሽማግሌው ደግሞ በተቃራኒው ነበሩ። መኪናቸው ባለ አራት ማርሽ ሆና ሳለ የግራ ጉልበታቸው ከድቷቸዋል። ፍሪሲዮን መርገጥ ሲያቅታቸው ሞተሩን ብቻ እያስነሱ፣ አሥር ደቂቃ አዳምጠው ያጠፉ ነበር። አንድ ቅዳሜ እንዲሁ አስነስተው ኮፈኑን ከፍተው ሲያዩ፣ ከማጠቢያው ማሽን አጠገብ ቆሜ ሳልጠየቅ አንዱ ካንዴላ እሳት እየሰጠ አይደለም አልኩ። ካንዴላ የሚለውን አላወቁትም፤ በጣቴ አሳየኋቸው። ፈተው ሲያዩት እውነትም ጠቁሯል። ከዚያ ቀጥ ብለው አዩኝና በማርሽ መንዳት እንደምችል ጠየቁኝ። እችላለሁ አልኩ። ቁልፉን ሰጡኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ እነዳለሁ፣ እሳቸው ጎኔ ይቀመጣሉ። ቁልቁል ወርደን ሐይቁን ይዘን እንሄዳለን፣ ሰዓት ሳይሞላ እንመለሳለን። እኔ የጋራዥ ቃሎቼን አስተማርኳቸው፤ ማርሚታ ሲሉ የጭስ ማውጫውን ሳይሆን ልጅ የሚጠሩ ይመስሉ ነበር። ፍሪሲዮንን ግን ከሁሉ አስበልጠው ወደዱት። በእነሱ ቋንቋ መፋተግ የሚል ቃል ይመስላልና፣ ሥራው መፋተግ ከሆነ የእናንተ ስም ይሻላል አሉኝ። ዳገት ላይ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ስረግጣት ሞተሩ ድምፁን ለወጥ ያደርጋል፤ እሳቸው ያኔ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከወንበሩ ሥር የሚመጣው መንቀጥቀጥ ጀርባዬ ድረስ ይሰማኝ ነበር። በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ሻንጣውን ቶሎ አውርጅልኝ የሚለኝ ሰው የለም።

አልዋሽም፣ ተመኘኋት። የሰው ንብረት አትመኝ የሚለውን ትእዛዝ እያወቅኩ ተመኘኋት። ቅዳሜ ነድቼ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ የማስበው ስለ እሷ ነበር። ከዚያ በፊት ለእህቴ ልጆች ጫማ፣ ለእናቴ መድኃኒት፣ ለቤቱ ዕቃ ስል ብዙ ነገር ፈልጌ አውቃለሁ፤ ለራሴ ብቻ፣ ለምንም የማይጠቅም ነገር ስፈልግ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እንደዚህ ሦስት ዓመት አለፈ።

በሁለት ሺህ ስድስት ጸደይ ሽማግሌው ደረጃ ላይ ወደቁ። ብዙም አልተጎዱም፤ ታኮማ የምትኖረው ልጃቸው ግን መጣችና ብቻቸውን መኖር እንደማይችሉ ነገረቻቸው። ቤቱ ሊሸጥ፣ እሳቸው ልጃቸው አጠገብ ወዳለ የአረጋውያን መኖሪያ ሊገቡ፣ እኔም በሁለት ወር ውስጥ ሌላ ቤት ልፈልግ ሆነ። ጋራዡም ባዶ መሆን ነበረበት።

በዚያው ሰሞን አንድ ቅዳሜ እንደ ልማዳችን ዞረን ተመለስን። ሞተሩን አጠፋሁ። ሌላ ጊዜ እሳቸው ቀድመው ይወርዱ ነበር፤ የዚያን ቀን አልወረዱም። ልጄ በማርሽ መንዳት አትችልም፣ መማርም አትፈልግም አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣

«አንቺ ብትይዣት ደስ ይለኛል» አሉ። «በስጦታ ነው። ውሰጃት።»

እጄ ገና መሪው ላይ ነበር። ልቤ ምን እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው። አፌ ግን ቀደመኝ።

«ኧረ በፍጹም፣ ይሄማ አይሆንም» አልኩ። «እንዴት አድርጌ እወስዳለሁ?»

እጄንም ደረቴ ላይ አደረግኩ፣ ዓይኔንም ሰበር አደረግኩ። እናቴ ብታየኝ ኖሮ ትኮራብኝ ነበር። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው እንቢ ቁጥር ውስጥ አይገባም። ልጅ ሆኜ ጎረቤት ቤት የሆነ ነገር ሲዘረጋልኝ ቶሎ እጄን ከሰደድኩ፣ ቤት ስንገባ ርሃብተኛ አስመሰልሽኝ ተብዬ እቆነጠጣለሁ። አንዴ እንቢ ይባላል፤ ሰጪው ይደግማል፤ አሁንም ኧረ ተዉኝ ይባላል፤ ሰጪው በሞቴ ይላል። በሞቴ ከተባለ በኋላ እንቢ ማለት ራሱ ነውር ነው፣ ያኔ ይወሰዳል። እኔ የራሴን ድርሻ በሚገባ ተወጥቼ የእሳቸውን ተራ መጠበቅ ጀመርኩ።

እሳቸው ፊት ለፊታቸው ያለችውን ትንሿን ሳጥን ከፈቱ፣ ምንም ሳያወጡ ዘጉ።

«ኦኬ» አሉ። «ይገባኛል።»

በሩን ከፍተው ጉልበታቸውን በእጃቸው ደግፈው ወረዱ። እኔ መሪው ፊት ተቀምጬ ቀረሁ፤ ዞረው በእኔ በኩል መጥተው እንደገና የሚናገሩ መስሎኝ ነበር። ሸራውን ይዘው መጡ። ወርጄ ሌላውን ጫፍ ያዝኩና አብረን አለበስናት።

በማግስቱ ሊንውድ ሄጄ ለእህቴ ነገርኳት።

«ሶ፣ ምን አልሽው?» አለችኝ።

እንቢ ማለቴን ስትሰማ ራሷን በእርካታ ነቀነቀች። ጥሩ አደረግሽ፣ ዘላ ወሰደች እንዳይልሽ አለችኝ። ባይደግሙስ ብዬ ስጠይቃት ዓይኗን አፈጠጠችብኝ።

«መኪና የሚያህል ነገር ውሰጂ ብሎ አንዴ ብቻ የሚጠይቅ ሰው አለ? ደግሞ ፈረንጅ ፖላይት ነው። ከፈለግሽ እኔ ኮል ላድርግለትና ነገሩን ላንሳው።»

እንዳትሞክሪው አልኳት። አንዴ እንቢ ብዬ፣ ደግሞ በዘመድ ስጡኝ ማለት ከልመና አይተናነስም። ሃያ ዓመት እዚህ አገር የኖረው ባሏ ከሳሎን ሆኖ፣ እዚህ ኖ ማለት ኖ ነው አለ። ሁለታችንም ባንድ አፍ ኳስህን እይ አልነው።

ከዚያ ስድስት ሳምንት ጠበቅኩ። መጠበቅ ብቻ አይደለም፤ ለሽማግሌው ጥያቄውን እንዲደግሙት በር ስከፍትላቸው ነበር። አንድ ቅዳሜ ጎማ አየር እየሞላሁ፣ ጎማዎቹ ገና ደህና ናቸው፣ የሚወስዳት ሰው ዕድለኛ ነው አልኩ። አዎ፣ ደህና ናቸው አሉኝ። ሌላ ጊዜ፣ ስለ እሷ አትጨነቁ፣ ጥሩ ሰው እጅ ትገባለች አልኩ። ተስፋ አደርጋለሁ አሉ። ይባስ ብዬ ቤት ስፈልግ ጋራዥ የሌለውን ሁሉ እየተውኩ፣ ጋራዥ ያለው ከአቅሜ ከፍ ያለ ቤት ተከራየሁ። ሄጄም ጋራዥ ያለው ቤት ማግኘቴን ነገርኳቸው። ከዚህ በላይ ምን ልበል? ትንሽ አሰቡና፣ ጥሩ ነው፣ መንገድ ላይ የምታቆሚያት ኮሮላሽ ዝናብ አይመታትም አሉኝ።

መልሴን ሳይቀር ተለማምጄ ነበር። ሁለተኛ ሲጠይቁኝ ይሄ ለእኔ ይበዛል እላለሁ፤ ሦስተኛ ሲጠይቁኝ እንደ አባቴ ንብረት እይዛታለሁ እላለሁ። ቫኑን እየነዳሁ በእንግሊዝኛ እየደጋገምኩ ስለማመድ፣ ከኋላ የተቀመጠ ተሳፋሪ ከማን ጋር እንደማወራ ጠይቆኛል።

በሰባተኛው ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ፊት ትልቅ ፒክአፕ ቆመ። ከኋላው የመኪና መጫኛ ተጎታች አስሯል። ከከተማው በስተምሥራቅ ካሉት ተራሮች ማዶ የመጣ፣ ቀይ ፊት ያለው አርባ ዓመት ገደማ የሆነው ሰው ወረደ። ሽማግሌው ሸጠውለታል። እኔ ይህን የሰማሁት በሬን አንኳኩተው ሲጠሩኝ ነው። በስሊፐር ወጣሁ።

ሰውዬው ቁልፉን ሊቀበል እጁን ዘርግቶ ነበር። ሽማግሌው አልሰጡትም።

«ፍሪሲዮኗ አመል አለባት» አሉት፤ ቃሉን በአማርኛችን ነው ያሉት፤ ሰውዬውም ምን እንደሆነ አልገባውም። «እሷ ታውቃታለች። እሷ ታውጣት።»

ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ። ይህ ክብር ነበር፤ ያኔም ገብቶኛል። ሌላ የሚሰጡኝ ነገር ስላልነበራቸው ይህንን ሰጡኝ።

ገብቼ አስነሳኋት። ከጋራዡ እስከ ተጎታቹ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። መስታወቱ ክፍት ነበር፤ ሽማግሌው ጉልበታቸውን እየጎተቱ ጎን ጎኔ ይሄዳሉ። አሁን ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። እኔስ አሁን ብናገር? አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እፈልጋታለሁ፣ አትሽጧት። እንግሊዝኛው አልጠፋኝም። ግን ገዢው ሩቅ መጥቷል፣ ቃል ተሰጥቷል፣ እኔ ደግሞ በፈቃዴ እንቢ ብያለሁ፤ በሰው ገበያ መሀል ገብቼ ምን እባላለሁ? ምን እባላለሁ ስል ጎማው መወጣጫው ላይ ደረሰ። ቀስ በይ አሉኝ። ቀስ አልኩ። ሳትንገጫገጭ ወጣች። የእጅ ፍሬን ሳብኩ፣ አንደኛ ማርሽ አስገባሁ፣ አጠፋኋት። ቁልፉን በራሴ እጅ ለሰውዬው ሰጠሁት።

ሰውዬው መኪናዋን አስሮ እስኪጨርስ ሽማግሌው ወደ ጎዳናው ሳይሆን ወደ ጎረቤት አጥር ነበር የሚያዩት። ፒክአፑ ሲታጠፍ እኔ ገባሁና ልብሴን ከማጠቢያው አወጣሁ። ከዚያ በኋላ አብረን የቆየንበትን ሁለት ሳምንት ስለ መኪና አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ስንለያይ እጄን ጨበጡኝ፣ በፈረንጅ ገና ካርድ እንድልክላቸው ነገሩኝ።

አዲሱ ቤት ከገባሁ በኋላ ኮሮላዬን ጋራዡ ውስጥ አስገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ለእህቴ ስነግራት፣ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል አለችኝ። ይህንን ተረት ከስድስት ሳምንት በፊት ያስቀመጠችው የት ነበር? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብዬ ስልኩን ዘጋሁባት፤ አንድ ወር ያህልም አላናገርኳትም።

ሰው ጊዜ ይፈውሳል ይላል። እኔ ጊዜው በሄደ ቁጥር ብሶብኛል። የመጀመሪያውን ዓመት የናፈቀችኝ መኪናዋ ነበረች። በኋላ ግን የናፈቀኝ ብዙ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት በሬ ሲንኳኳ፣ ሽማግሌው ዓይናቸውን ሲጨፍኑ፣ ግራ እግሬ ሥራ ሲያገኝ። ኢንተርኔት ላይ የአሮጌ መኪና ሽያጭ ማየት ልማዴ ሆነ። አረንጓዴ ስልሳ ዘጠኝ ባየሁ ቁጥር ሥዕሉን አሰፋዋለሁ፤ የእኛይቱ በግራ በር እጀታዋ ሥር ትንሽ ጭረት ነበራት። ጭረቱን አጥቼ እዘጋዋለሁ። ባገኘው ምን እንደማደርግ አስቤበት አላውቅም።

አንድ ጊዜማ አበድኩ። የከተማው ባቡር ማውንት ቤከር ከገባ ከጥቂት ዓመት በኋላ ነው፤ ስድስት ተሳፋሪ ጭኜ ወደ ተርሚናል ስሄድ ያ ድምፅ ከጎኔ አለፈ። ዞር ስል አረንጓዴ ናት። መታጠፊያዬን ትቼ ተከተልኳት። ከኋላዬ አንዲት ሴት በትሕትና ኤርፖርቱ አመለጠን መሰለኝ አለች። ሰማኋት፣ ግን አልመለስኩላትም። ወደ ታኮማ የሚወስደውን መንገድ ይዤ ሦስት መውጫ ሄድኩ። መብራት ላይ ደርሼባት ሳይ የሰባዎቹ ሞዴል ናት፣ ቀለሟም አዲስ ተቀብቷል። ስንመለስ ሁለት ተሳፋሪ አውሮፕላን አመለጣቸው። አለቃዬ ምን ሆነሽ ነው ሲለኝ ምን ልበለው፤ መንገድ ተሳሳትኩ አልኩት። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ፤ ይገባኝም ነበር።

ከሽማግሌው ጋር በዓመት አንድ ጊዜ ካርድ እንላላክ ነበር። በሁለት ሺህ አሥራ አራት ካርዱ ቀረና በምትኩ ልጃቸው ደወለችልኝ። አባቷ መርሳት ጀምረዋል፤ የእሷንም ስም አንዳንዴ ይስታሉ። አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅሽ አለችኝ፤ መኪናዋ አንቺ ጋር ያለች ነው የሚመስለው። ሸጠሃት እኮ ብላቸው ብላቸው ሰልችቷት ትታዋለች። መጥተሽ ብትጠይቂው ደስ ይለው ነበር አለች።

በቀጣዩ ቅዳሜ ታኮማ ሄድኩ። መስኮት አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ከስተዋል። ስሜን ረስተውታል። ማን እንደሆንኩ ግን አውቀዋል፣ ምክንያቱም ገና ሳልቀመጥ፣

«እንዴት ናት?» አሉኝ።

የማን እንዴት መሆን እንደሚጠይቁ ወዲያው ገባኝ። እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ፊታቸውን አየሁና፣ ደህና ናት፣ ጠዋት አስነስቻታለሁ አልኩ። ይዘሻት መጣሽ ወይ ብለው ወደ ፓርኪንጉ አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ። ዝናብ ስለሆነ አላወጣኋትም አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በዝናብ እንዳታወጫት አሉ።

ዝናብ በማያጣው በሲያትል አካባቢ እንደዚህ ያለ ውሸት በዓመት ዘጠኝ ወር ያገለግላል። እኔም በየወሩ እየሄድኩ ሪፖርት አቀርብ ጀመር። ዘይት ቀይሬያለሁ፤ ካርቡራተሯ ትንሽ አስቸግራኝ ነበር፣ አጸዳሁት፤ የኋላ ፍሬኗ ይጮኻል። እሳቸው የልጃቸውን ስም እየሳቱ የትኛውን ዊንች በየት በኩል መጀመሪያ እንደምፈታ ይነግሩኝ ነበር። ከመሄዴ በፊት ስለ መኪናዋ አንብቤ እሄዳለሁ፣ እንዳልያዝ። አንድ ቀን ከእሳቸው ተመልሼ አውራ ጎዳናው ላይ እየነዳሁ፣ እውነትም ያንን ፍሬን ሳይብስ ማሠራት አለብኝ ብዬ አሰብኩ። ኮሮላዬ ፍሬኗ ደህና ነበር። ያሰብኩት ስለ ሌላዋ ነው።

ከዚያ ሐምሌ መጣ። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጥርት ብሎ ዋለ። ስደርስ ነርሷ በተሽከርካሪ ወንበር ደጅ አውጥታቸዋለች፤ ልክ ከፓርኪንጉ ፊት ለፊት ተቀምጠው መኪና ሲገባና ሲወጣ ያያሉ። ከኮሮላዬ ስወርድ አላዩኝም። አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

«ዛሬ ዝናብ የለም» አሉኝ። «የት አቆምሻት?»

ውሸቴ የሚያገለግለው ለዝናብ ቀን ብቻ ነበር። ደግሞም ደክሞኝ ነበር፤ ማለት የፈለግኩትን ነገር ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይዤው ኖሬያለሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእኔንም የሚያሸው እንዳልነበረ አውቃለሁ፣ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ለባለቤቱ ልናገረው ብዬ ቆረጥኩ።

«እኔ ጋር የለችም» አልኳቸው። «አልወሰድኳትም። ሲሰጡኝ እንቢ ብዬዎት ነበር። ፈልጌያት ነበር፤ በጣም ነበር የፈለግኳት። እንደገና ይጠይቁኛል ብዬ ነው የጠበቅኩት።»

ዞረው አዩኝ። ያስቀየምኳቸው መሰለኝ። ከዚያ ያንን ትልቅ፣ ደም ሥሩ የወጣ እጃቸውን አንስተው የእኔን እጅ መታ መታ አደረጉት፤ የተሳሳተችን ልጅ የሚያርሙ ይመስሉ ነበር።

«አይ፣ ተሳስተሻል» አሉ። «እንቢ ትለኛለች ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ስፈራ ነበር የሰነበትኩት። እንዴት እንደምነግርሽ ጋራዥ ውስጥ ብቻዬን ስለማመድ ነበር። አንቺ ግን እሺ አልሽኝ። ወዲያው። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።»

ፊቴን ወደ ሌላ አዞርኩ። እሳቸው ጋራዥ ውስጥ ሲለማመዱ እኔ ከሥራቸው፣ ምድር ቤት ተቀምጬ ነበር። ስድስት ሳምንት ሙሉ እኔም ስለማመድ እንደነበር አልነገርኳቸውም። አፍንጫዬን ጠረግኩ።

«አዎ» አልኩ። «ልክ ነዎት፣ ወዲያው ነው እሺ ያልኩት።»

ራሳቸውን ነቀነቁና እንደገና ፓርኪንጉን በዓይናቸው ይፈልጉ ጀመር።

«ታዲያ የት አቆምሻት?» አሉ።

«ከሕንፃው ጀርባ» አልኳቸው። «ፀሐይ እንዳይመታት፣ ጥላ ሥር።»